የክሊም ውሃ

አበባ አውቃለሁ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። አሠሪዬ ማዳም ናዒማ ጅቡቲ ሀራሙስ ሰፈር ያለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ቆመው፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ያስመጧቸውን ሃያ ሁለት ጽጌረዳዎች እያዩ «አለቁብኝ» ሲሉ፣ ሳህኔን ይዤ ማለፍ ስችል ቆምኩ። «ማዳም፣ እኔ እኮ ዝዋይ አበባ እርሻ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እኔ አድናቸዋለሁ» አልኩ። የሠራሁት ቆራጭ ሆኜ ነው። ግሪንሃውስ ውስጥ በመቀስ ስቆርጥ እውል ነበር እንጂ መርጫ ተሸክሜ አላውቅም። ግን ዓይን አለኝ አይደል? ረጪዎቹ ሲሠሩ አይቻለሁ፣ አለቃቸው ሲጮህባቸው ሰምቻለሁ፤ እሱ ይበቃኛል ብዬ ነው።

ማዳም ልጅ ሆነው ድሬዳዋ አያታቸው ዘንድ ስላደጉ አማርኛ እንደኛው ነው የሚናገሩት። አዩኝ አዩኝና «እሺ ሻሼ፣ አበቦቼን አድኚልኝ፤ ያቺን እህትሽንም ለሀያ ታመጫታለሽ» አሉና ገቡ። ሀያ ልጃቸው ናት፤ ዘንድሮ ታገባለች፣ ለአዲሱ ቤቷ ሠራተኛ ትፈልጋለች። ለቀልድ ይሁን ለቁም ነገር አልጠየቅኩም። እኔ እንደ ውል ነው የያዝኩት።

ስለ እህቴ ልንገራችሁ። ሀዊ ትባላለች፣ ሃያ ዓመቷ ነው፣ በዘጠኝ ዓመት እበልጣታለሁ። ከአበባው ነገር ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ሳላስበው ደውላ «እትዬ፣ ጅቡቲ ነኝ» አለችኝ። ቦንቱ የምትባል የሰፈራችን ልጅ አርሂባ በሚባል ሰፈር በተከራየችው ክፍል ውስጥ ሆና ነው የምትደውለው። እኔን ልትጠይቅ የመጣች መስሎኝ እልል ልል ስል፣ ለካ መንገደኛ ናት። ደላላ ይዟታል። በኦቦክ ወደብ በኩል በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ።

«እግርሽን ሰብሬ ነው የማስቀምጥሽ!» ብዬ ጮህኩባት።

«መጀመሪያ ነይና ያዢኝ» ብላ ሳቀች።

መሄድ አልችልማ! ወረቀት የለኝም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ወደ ወደቡ በኩል አፈሳ ነበር፤ ወረቀት የሌለውን ከመንገድ ለቅመው፣ በመኪና ጭነው ወደ ድንበር ነው የሚመልሱት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሀራሙስ የወጣሁት አራት ጊዜ ነው፤ አራቱንም ከማዳም ጋር በመኪናቸው። አፌን አይታችሁ ደፋር አትበሉኝ። ከግቢ ውጭ የፖሊስ መኪና ድምፅ ስሰማ እንኳ ቂጣ እያገላበጥኩ ከሆነ ያርራል።

ጀልባውን ግን ከአፈሳውም በላይ ነው የምፈራው። ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ ጎሳዬ በዚሁ መንገድ ሄደ። ከመሳፈሩ በፊት ደውሎልኝ «ባሕሩ እኮ ጠፍጣፋ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሠርቶ አያውቅም። እናቱ በየወሩ ትደውልልኝ ነበር። ጅቡቲ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ ባሕሩ ከደጄ ይመስላት ነበር፤ ወጣ ብዬ አይቼ የምነግራት ይመስላት ነበር። እውነትም ከደጄ ነው። ከቤቱ ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሀዊ ከመጣች ወዲህ ግን ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር የማሰጣው።

እንግዲህ ሀዊን ከጀልባው የሚያስቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሀያ ቤት ሥራ። የሀያ እጮኛ ቤተሰቦች በወሩ መጨረሻ ዓርብ ሊመጡ ተቀጥረዋል። ማዳም «እንግዶቹ ይምጡና ይሂዱ፤ ቅዳሜ አምጫት» አሉኝ። ለሀዊ ስነግራት «አበባው ካበበ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ካበበ።»

«ካላበበስ?»

«ዝም በይ፣ ሟርተኛ!» አልኳት። ሦስት ሳምንት ልትጠብቀኝ ቃል ገባችልኝ። ሀዊ ቃሏን አታጥፍም፤ ግትር ናት እንጂ ውሸታም አይደለችም።

ሥራዬን ጀመርኩ። የጽጌረዳዎቹ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ነበር። ዝዋይ እንደዚህ ሲሆን ረጪዎቹ «ብረት አንሶታል» ይሉ ነበር። ከሥር ቢያጠጡት አይጠቅመውም፤ የዚህ አገር የቧንቧ ውሃ ጨው ነው፣ አፈሩ ጨው ጠጥቶ ሥሩን ዘግቶታል። ሥሩ እምቢ ሲል በቅጠሉ ነው የሚመገበው። በፊት የነበረው አትክልተኛ ትቶት የሄደ ቡናማ የብረት ዱቄት ዕቃ ቤት ውስጥ አገኘሁ፤ መርጫውም እዚያው ነበር። አንድ የሻይ ማንኪያ ለአምስት ሊትር። ከዚያ ካለፈ ቅጠሉን ይለበልበዋል። ፀሐይ ሳትወጣ ይረጫል። ደግሞ ቅጠል የሚበላው በሆዱ በኩል ነው፤ ከታች ወደ ላይ ነው የሚረጨው። ውሃው እንዳይንሸራተትም ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ ከሌላ ሰው ስድብ ላይ ነው የተማርኩት።

የቀረኝ ጨው የሌለው ውሃ ነበር። የቧንቧውን ውሃ ቅጠል ላይ ብትረጩት ሲደርቅ ነጭ ጨው ጥሎ ነው የሚሄደው። እዚህ ግን ሀራሙስ ያለን ሠራተኞች ሁሉ የምናውቀው ውሃ አለ፤ የክሊም ውሃ። ኤሲውን እዚህ አገር ክሊም ነው የሚሉት። ክሊሙ ቀን ከሌት ሲሠራ በጀርባው ካለው ቱቦ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ እንደ ዝናብ ውሃ ንጹሕ ነው። ካውያ ውስጥ እንጨምረዋለን፣ ፀጉራችንን እንታጠብበታለን። በየግቢው ጓሮ ከክሊሙ ሥር ባልዲ የሌለው ቤት የለም።

በመጀመሪያው ሰኞ ረጨሁ። በሳምንቱ ሰኞ ደገምኩ። እመኑኝ፣ ቢጫው እየሸሸ አረንጓዴው ከጅማቱ ወደ ዳር ሲሰፋ በዓይኔ አየሁት! ከዚያ እንቡጥ መጣ። በየቀኑ ጠዋት ሄጄ እቆጥራለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ደረሰ። ዘበኛችን ጋሽ ባንቲሁን፣ ሃያ ዓመት በዚያ በር ላይ የተቀመጡ የጎጃም ሰው፣ «አንቺ ልጅ፣ ቆጠራሽን ተይ፤ ዓይንሽ ይበላቸዋል» ይሉኛል። «የእርስዎ ዓይን ነው የሚበላቸው፤ ዘወር ይበሉልኝ» እላቸዋለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ማዳምም እየወጡ ሲገቡ ቆም ብለው ማየት ጀምረው ነበር።

እንግዶቹ በሚመጡበት ሳምንት እሑድ ዕለት ሚናስ መጣ። ሚናስ ክሊም የሚጠግን የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ማዳም እንግዳ ሲመጣ ቤቱ እንዳይሸት ብለው ሁሉንም ክሊም እንዲያጥብ ጠሩት። ሲጨርስ ጓሮ መጥቶ፣ ባልዲዎቼን በጣቱ እያሳየ «ሻሼ፣ ዛሬ የወረደውን ውሃ ድፊው። ያጠብኩበት መድኃኒት ጠንካራ ነው፤ እጅሽንም እንዳታስነኪው» አለኝ። በደንብ ነው የነገረኝ። «እሺ» ብዬዋለሁ።

«እሺ» እያልኩ ነው ስልኬ የጮኸው። ሀዊ ናት።

«እትዬ፣ ደላላው ቀኑን አሳጠረው። ረቡዕ ነው ብሎ የነበረውን ማክሰኞ ጠዋት አደረገው» አለችኝ።

«ምን ረቡዕ? አንቺ እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ አላልሽኝም?»

«እጠብቃለሁ እኮ። ግን ይህ መኪና ካመለጠኝ ሌላ የለም ይላል። እትዬ፣ የማዳም ነገር እርግጥ ነው? እርግጥ ከሆነ አልሄድም።»

እርግጥ ነው ማለት ነበረብኝ። ወይም እዚያው ስልኩን ዘግቼ፣ ማዳም ዘንድ ገብቼ «እህቴን ዛሬ ላምጣት» ማለት ነበረብኝ። ፈራኋ! ተቆጥተው «ቅዳሜ አላልኩሽም? ጭራሽ ተይው» ቢሉኝስ? በልቤ አንድ ዘዴ አወጣሁ። ነገ ሰኞ እረጫለሁ፣ እንቡጦቹ ማክሰኞ መከፈት ይጀምራሉ፣ ማዳም ደስ ሲላቸው ያኔ እጠይቃለሁ። «ነገ ማታ እነግርሻለሁ፤ እስከ ነገ ማታ ንቅንቅ እንዳትዪ» አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ሚናስ ሄዷል። የነገረኝም ነገር አብሮት ሄዷል።

ሰኞ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሣሁ። ባልዲዎቹ ሙሉ ነበሩ። እንዲያውም ዛሬስ በዛልኝ ብዬ አመሰገንኩ። ዱቄቱን ለካሁ፣ ሳሙናውን ጨመርኩ፣ አማሰልኩ። ከወትሮው ይልቅ አረፋ አለው። ሳሙናው ነው አልኩ፤ እጄ ከብዶ ሦስት ጠብታ ጨምሬ ይሆናል። መርጫውን በጀርባዬ አዝዬ ሃያ ሁለቱንም ከሆዳቸውም ከጀርባቸውም አረሰረስኳቸው። አንዱንም እንቡጥ አልዘለልኩም። እጄን ትንሽ በላኝ፤ አሻሸሁትና ቁርስ ልሠራ ገባሁ።

ማዳም ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር ነው የሚሠሩት፤ በጊዜ ወጡ። አራት ሰዓት ላይ ምንጣፍ ላራግፍ በረንዳ ስወጣ፣ መጀመሪያ ጥላ መሰለኝ። ቅጠሎቹ ጫፋቸው ላይ ቡናማ መስመር አለ። ጠጋ አልኩ። ጥላ አይደለም። ጫፉ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ሆኖ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ሁለተኛው ላይም አለ። ሦስተኛውም። እንቡጦቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አንዱን ስነካው እጄ ላይ ቀረ።

ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እናንተ ጽጌረዳ ታያላችሁ፤ እኔ ያየሁት ሀዊን ነው፣ ከነሻንጣዋ መኪና ላይ ስትወጣ። የጎሳዬ እናት ድምፅ በጆሮዬ መጣ። «ሻሼዬ፣ እስቲ ወጣ ብለሽ እዪልኝ።»

«ጋሽ ባንቲሁን!» ብዬ ጮህኩ።

እየሮጡ መጡ። ቅጠሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ እጄን አዩ። እጄ እስከ ክርኔ ቀልቷል። «ምንድን ነው የነካሽው?» አሉኝ። የክሊሙ ውሃ ልል አፌን ስከፍት የሚናስ ጣት ወደ ባልዲው ስትጠቁም ታየችኝ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ራሴን በጥፊ መታሁት። እውነቴን ነው፣ በራሴ እጅ!

ለሚናስ ደወልኩ። «ነግሬሽ አልነበረም እንዴ?» አለ። «ነግረኸኛል! ነግረኸኛል! አሁን ምን ላድርግ?» አልኩት። በብዙ ንጹሕ ውሃ ቅጠል በቅጠል ማጠብ ብቻ ነው አለኝ፤ ያውም ቶሎ። በቧንቧው ውሃ ብሎ ሊጨምር ሲል እኔው አቋረጥኩት። መድኃኒት ባቃጠለው ቅጠል ላይ ጨው? ይልቅ እሳት ልልቀቅባቸው። የራሴ ባልዲዎች ደግሞ አሁንም የሚያጠራቅሙት ያንኑ መርዝ ነው። የሱቅ ውሃ ለሃያ ሁለት ጽጌረዳ ከየት አመጣለሁ?

ጋሽ ባንቲሁን ጽጌረዳዎቹን ከነማሰሮአቸው አንድ በአንድ አቅፈው ወደ ጥላው ወሰዷቸው። ከዚያ በጓሮ በኩል ያለችውን ትንሽ በር ከፈቱና «ሩቅያን ጥሪያት» አሉኝ። ሩቅያ የጎረቤት ሠራተኛ ናት፣ የወሎ ልጅ። በግንቡ ላይ አንገቴን አውጥቼ «ሩቅያ! የክሊም ውሃ አለሽ?» ስል ድምፄን ሰምታ ደነገጠች፤ ምን ሆንሽ እንኳ ሳትለኝ ባልዲዋን ይዛ መጣች። እሷ ለቀጣዩ ቤት ደወለች፣ ያቺ ለሌላዋ። ከስምንት ቤት መጡ። ጠዋት ፀጉሯን ልትታጠብበት ያስቀመጠችውን ያመጣች አለች። አንዷ ካውያ ውስጥ ያለውን ሳይቀር ገልብጣ ይዛ መጥታለች፤ እያለቀስኩ ሳቅኩባት። በስፖንጅ ቅጠል በቅጠል፣ ከሆዱም ከጀርባውም አጠብን። ግን ስምንት ቤት ቢደመርም ውሃው አሥራ ሦስት ጽጌረዳ ላይ ሲደርስ አለቀ። ዘጠኙ ቀሩ። እነዚያ ዘጠኙ ከበሩ ፊት ለፊት የሚቆሙት ናቸው፤ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው። ሴቶቹ አሠሪዎቻቸው ሳይመጡ ተበተኑ።

ወደ ማታ ላይ ሀዊ ደወለች። ላለማንሳት አሰብኩ፤ ግን ነገ ጠዋት መኪናው አለ። አነሳሁት።

«እሺ እትዬ፣ ምን አሉሽ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ያጠፋሁት። ማዳም መጥተው ያዩታል፣ ያባርሩኛል፣ በር ላይ አፈሳው ይጠብቀኛል፤ ይህን ሁሉ ከሰዓት ሙሉ ሳብሰለስል ነው የዋልኩት። እሷን ዝም አሰኝቼ «ነገ አትሂጂ፣ በቃ» ማለት ሲገባኝ፣ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

«አቃጠልኳቸው ሀዊ። አበቦቹን አቃጠልኳቸው። ዘጠኙ ሊደርቁ ነው። የክሊም ውሃ ካላገኘሁላቸው አለቁ፤ እነሱ ካለቁ ያንቺም ነገር አለቀ።»

«ምን ዓይነት ውሃ ነው ያልሽው?» አለችኝ።

«የክሊም! ከኤሲ የሚንጠባጠበው! ጨው የሌለው!»

«እሺ እትዬ፣ አታልቅሺ» አለችኝ። እሷ ናት እኔን አታልቅሺ የምትለኝ። «እኔ እኮ ትልቅ ሰው ነኝ።»

«አትሄጂም አይደል?» አልኳት።

«አታልቅሺ» አለችኝ እንደገና። ማዳም በር ላይ ጡሩምባ ሲነፉ ሰማሁና ስልኩን ዘጋሁት።

ማዳም ደክሟቸው ስለነበር ጨለማው ውስጥ ምንም ሳያዩ ገቡ። ማክሰኞ ጠዋት ቁርሳቸውን ይዤ ገባሁ። አስቀመጥኩትና ቆምኩ። ጋሽ ባንቲሁን «ሚናስ ነው ያቃጠላቸው በይ፤ እሱ ወረቀት አለው፣ ምንም አይሆንም» ብለውኝ ነበር። አስቤበታለሁ፣ አልዋሽም። ግን ያ ልጅ ነግሮኛል።

«ማዳም፣ ጽጌረዳዎቹን አቃጥያቸዋለሁ። ክሊሙ የታጠበበትን ውሃ ነው የረጨሁባቸው። ሚናስ እንዳልነካው ነግሮኝ ነበር፤ ረስቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

ማዳም ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው በመስኮቱ አዩ። ወደኔ ዞሩና ደረታቸውን በእጃቸው ያዙ።

«አንቺ ልጅ! ፊትሽን ሳይ ሰው የሞተብሽ መስሎኝ እኮ ነው የደነገጥኩት! ቅጠል ነው ይሄ፤ ተመልሶ ያወጣል። እንግዶቹ እንደሆኑ በዚህ ሙቀት ከሳሎን አይወጡም» አሉ። ቁጭ ብለው ዳቦአቸውን መቁረስ ጀመሩ። «ይልቅ እህትሽ የታለች? ሀያ ትናንትም ስትጠይቀኝ ነበር፤ ለዓርቡ መስተንግዶ እጅ አንሶናል። ቅዳሜ ምን ያደርግልናል? ዛሬውኑ አምጫት።»

አልሰማሁም መሰለኝ። «ዛሬ?» አልኩ።

«ዛሬ። ምን ችግር አለው?»

ወጥ ቤት እስክደርስ አልጠበቅኩም፤ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ለሀዊ ደወልኩ። አንዲት ሴት በፈረንሳይኛ ተናገረች፤ ከዚያ በዓረብኛ፣ ከዚያ በሶማልኛ። የሦስቱም ትርጉም አንድ ነው፤ ስልኩ ተዘግቷል። ዘግቼ ደወልኩ። ያችው ሴት። ዘግቼ ደወልኩ። ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ በዋናው በር ወጣሁ። ጋሽ ባንቲሁን «ወዴት? አፈሳ አለ!» አሉኝ። ይኑራ!

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የጅቡቲ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወደቡ አጠገብ የፖሊስ መኪና ቆሞ ነበር፤ ዓይኔን እንኳ ሳልደብቅ አለፍኩት። አርሂባ ወረድኩ። ያ ሕንፃ ከዚያኛው ሕንፃ አይለይም፤ ሀበሻ የመሰለኝን ሁሉ «ቦንቱ! ቦንቱ የዝዋይ ልጅ!» እያልኩ እጠይቃለሁ። አንዱ አሳየኝ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ።

ቦንቱ በሯን ከፈተች፣ አየችኝና አንገቷን ደፋች። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ፍራሽ አለ፤ አንዱ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል።

«ስንት ሰዓት?» አልኳት።

«ሳይነጋ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናው መጣ» አለች። «እትዬ ሻሼ፣ እኔ ለምኛታለሁ። ‹የእህቴ ነገር ተበላሽቷል፤ እዚህ ብቀመጥ ጭራሽ ሸክም እሆንባታለሁ፤ በእኔ የተነሳ ከሥራዋ ትባረራለች› አለችኝ።»

ከዚያ ወደ ጥግ ሄዳ ሁለት ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን አመጣች። እስከ አፋቸው ሙሉ ናቸው፤ ክዳናቸው በፌስታል ታስሯል።

«ትናንት ካንቺ ጋር ካወራች በኋላ ወጥታ የመንገዱን ሱቅ ሁሉ ስትዞር ነው ያመሸችው። የክሊም ውሃ ስጡኝ እያለች። ባለሱቆቹ ሳቁባት። የአንዱ ሱቅ ክሊም ቱቦ ሥር ቁጭ ብላ እስኪሞላ ጠበቀች። ‹እህቴ ከመጣች ስጫት፤ ለአበባዋ ነው፤ ጨው የለውም በያት› አለች።»

ቅመሺው አላለችኝም፤ ቀመስኩት። ጨው የለውም።

ሁለቱን ጄሪካን ይዤ ተመለስኩ። በሚኒባሱ ውስጥ አንዱን በጉልበቴ፣ አንዱን በእግሬ መሀል አድርጌ ስልኩን ስደውል፣ ያቺ ሴት በሦስት ቋንቋ ስትመልስልኝ መጣሁ። ቤት ስደርስ ዘጠኙን ጽጌረዳዎች አጠብኳቸው። አሥር ሊትሩ ለዘጠኙ በትክክል በቃ። ሌላ ምን ላድርገው? ለአበባዬ ብላ ነው የላከችው።

ይህ ከሆነ ሦስት ወር አልፎታል። ማዳም እውነታቸውን ነበር፤ ተመልሶ አወጣ። የተቃጠለው ቅጠል ረግፎ ከሥሩ ቀይ ቀንበጥ መጣ፣ ዘጠኙም አበቡ፤ ሀያ ፎቶ ተነሳችባቸው። አሁንም በየሳምንቱ ሰኞ እረጫለሁ። ሰው ሲያየኝ ባለሙያ ነኝ።

ሀዊ ጋ ስደውል ዛሬም የምትመልስልኝ ያችው ሴት ናት። የጎሳዬ እናት አሁን አትደውልልኝም። የእናቴ አጽናኝ ሆናለች። አሁን የምትደውልልኝ እናቴ ናት። «ሻሼዬ፣ ባሕሩ ከደጅሽ ነው አይደል? እስቲ ወጣ ብለሽ እዪልኝ» ትለኛለች።

«እሺ እማዬ» እላታለሁ። ጣሪያው ላይ ወጥቼ፣ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዙሬ ልብሱን አሰጣለሁ።